የሚያሳክክ ማስረጃ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት መሥሪያ ቤታችን ጋቢ አለበሰኝ። ያለበሰኝ አለቃዬ አቶ ብሩክ ነው፤ የመጨረሻ ልጄ እኩያ ነው። ባደረገው ንግግር ዕድሜዬን ሙሉ ከእሳት እራት ጋር የኖርኩ ሰው መሆኔን ተናግሮ አስጨበጨበልኝ። ባለቤቴ ማርታ ከፊት ወንበር ነበረች። አጠገቧ ወዳለችው ሴት ጎንበስ ብላ፣ እውነቱን ነው፣ እኔ ጋ የሚመጣው ለምሳ ብቻ ነበር ስትል እኔም ሰማሁ፣ አዳራሹም ሰማ። ጭብጨባው ለእሷ በረታ።

ከዚያን ቀን ወዲህ አርባ ምንጭ ሲቀላ ሰፈር ወርጄ ጸጉሬን ስስተካከል (የቀረችውን ማለቴ ነው) ከምን ሥራ ጡረታ እንደወጣሁ የማይጠይቀኝ ሰው የለም። መምህር ነበርኩ ብል በተገላገልኩ። ግን ስዋሽ ስለምያዝ እውነቱን እናገራለሁ፤ የአገራችን የእሳት እራቶች የትኛው የት እንደሚኖር፣ የትኛው በደኅና እንዳለና የትኛው ሊጠፋ እንደደረሰ ሳጣራ ነው የኖርኩት። ጸጉር አስተካካዩ መቀሱን አየር ላይ ያቆምና መንግሥት ለዚህም ደመወዝ ይከፍላል ወይ ይለኛል። ይከፍላል። ከእሳት እራት ወገን ካደገ በኋላ አፍ የሌለው፣ ምንም ሳይቀምስ ወልዶ የሚሞት አለ። የእኔ ደመወዝ ይህን ታሳቢ አድርጎ የተተመነ ይመስለኝ ነበር።

መጀመሪያ ገዳይ ነበርኩ። ከደብረ ማርቆስ አርባ ምንጭ የመጣሁት በወጣትነቴ፣ በአባያ ዳርቻ በነበረ የጥጥ እርሻ የተባይ መከላከል ሠራተኛ ሆኜ ነው። የጥጡን ፍሬ የሚበሳው ትል ሲያድግ የእሳት እራት ይሆናል፤ የእኔ ሥራ እንዳያድግ ማድረግ ነበር። ሚሌኒየሙ ሊገባ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት እርሻው ሠራተኛ ቀነሰና፣ የእሳት እራት የሚያውቅ ሰው ይፈለጋል የሚል ማስታወቂያ አይቼ ተወዳደርኩ። ፈታኞቹ ልምዴን ሲጠይቁኝ ስንቱን እንደፈጀሁ በኩራት ተረኩላቸው። እነሱ የሚፈልጉት የሚጠብቅ ሰው ኖሯል። ለምን እንደወሰዱኝ እስከ ዛሬ አልገባኝም፤ ምናልባት ሌላ አመልካች አልነበረም።

እዚያ የተቀበሉኝ ጋሽ ወርቅነህ ናቸው። የመንዝ ሰው፣ አጭር፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ፣ ባርኔጣቸውን ከእንቅልፍ በቀር የማያወልቁ። የልብስ ሰፊ ልጅ ስለነበሩ ጣታቸው መርፌ ያውቃል። እጃቸውን የሚታጠቡት ነፍሳት ከነኩ በኋላ ሳይሆን ከመንካታቸው በፊት ነበር። እኛ ነን የምናቆሽሻቸው ይላሉ። ሳል የያዘው ሰው ወደ ጠረጴዛቸው አይጠጋም፤ አንድ ትንፋሽ የክንፉን ዱቄት ይዞት ይሄዳል።

ሥራውን ያስተማሩኝ በዝምታ ነው። የብርሃን ወጥመዱን ማምሻውን ተክለን ሄደን ንጋት ላይ እንሰበስባለን። አብዛኛውን ፈትተን እንለቃለን፤ የማናውቀውን ብቻ፣ ያውም አንድ ወይ ሁለት፣ እናስቀራለን። የቃጫ ተክል የደረቀ አገዳ ለሁለት ተሰንጥቆ መሐሉ ይቦረቦርና የነፍሳቱ ሆድ እዚያ ቦይ ውስጥ ይተኛል። መርፌው ደረቱን መሐል ለመሐል ይወጋል፤ ትንሽ ካጋደለ ወፍራም ጌታ በፈረስ ላይ ይመስላል። ከዚያ በቀጭን መርፌ የፊተኛውን ክንፍ ከወፍራሙ ሥሩ ይዞ፣ ሳይቀዱ፣ የታችኛው ጠርዙ ቀጥ እስኪል ወደ ፊት መሳብ፤ በወረቀት ቁራጭ መጫን፤ መተው። መተው ነው ከባዱ። እኔ እየነካካሁ ስንቱን ክንፍ እንደቀደድኩ አትጠይቁኝ። አንድ ጊዜ የተገነጠለ ሆድ ከየት እንደወደቀ ጠፍቶኝ ካገኘሁት ደረት ጋር በሙጫ አጣበቅሁ። ጋሽ ወርቅነህ በአጉሊ መነጽር አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ ተመልሰው አዩት። አዲስ ፍጥረት አውጥተሃል፣ ግን ፈጣሪን አስፈቅደሃል ወይ ብለው ጠየቁኝ።

ከመርፌው ሥር ስለሚሰካው ቁራጭ ወረቀትም ሕግ ነበራቸው፤ ቦታውን በትልቁ፣ የራስህን ስም በትንሹ ጻፍ፣ አንተን የሚፈልግ የለም። ከሁሉ የጸናው ሕጋቸው ግን ሌላ ነው። ከጨንቻ ደጋ ስመለስ አንድ የፈለግነውን ዓይነት በተመለከተ «የለም» ብዬ ጽፌ አቀረብኩ። እርሳሳቸውን አውጥተው ሰረዙት።

«አንተ ማን ነህና ነው የለም የምትለው? አላገኘሁም በል። እሱ አንተን ሳይፈልግህ ቀርቶ ይሆናል።»

ግድግዳችን ላይ ትልቅ ካርታ ነበር። ዝርያ በተገኘበት ሁሉ ነጥብ አለ። አዲስ በገባሁ ሰሞን ፊቱ ቆሜ ሳደንቅ፣ ነጥቦቹ ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ፣ ከአርባ ምንጭ ወደ ኮንሶ እንደ ጉንዳን መንገድ ተሰልፈው አየሁ። የእሳት እራት አስፋልት ይወዳል ማለት ነው ብዬ ደመደምኩ። ጋሽ ወርቅነህ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው «ይሄ የእሳት እራት ካርታ አይደለም፣ የላንድክሩዘር ካርታ ነው» አሉኝ። መኪና በቆመበት ነጥብ አለ፤ መኪና በማይደርስበት ነጭ ነው። ከነጮቹ አንዱ ከኦቾሎ ሸንተረር ወደ አባያ የሚወርደው ገደላ ገደል ነበር። በእግር ገባንበት።

ኦቾሎ መንደር ላይ የተዋወቅናቸው አቶ አንጁሎ ሸማኔም፣ ገበሬም፣ የአገር ሽማግሌም ናቸው። የምንፈልገውን በእጃችን እያሳየን ስንገልጽላቸው ግንዱ እሾህ ወዳለው፣ የነብር ጥፍር ወደሚባለው ዛፍ ወሰዱን። ቅርንጫፉ ላይ ጥቅል ጎመን የሚያክል፣ እንደ አሮጌ ወረቀት ቡኒ የሆነ ከረጢት ተጣብቋል። ይህ አባጨጓሬዎች ተባብረው ከሐር የሚሠሩት ጎጆ ነው። መቶ ይሁኑ ሁለት መቶ አንድ ላይ ገብተው፣ እያንዳንዳቸው ውስጥ ለውስጥ ተጠቅልለው ሙሽሬ ይሆናሉ፣ ማለትም ሳይበሉ ሳይንቀሳቀሱ ክንፍ ያበቅላሉ፣ ከዚያ ነጭ የእሳት እራት ሆነው ይወጣሉ። ጋሽ ወርቅነህ በወጣትነታቸው ሌላ አገር አንድ ጊዜ ባዶውን አይተው ከዚያ ወዲህ ሲፈልጉት ኖረዋል። ባርኔጣቸውን አወለቁ። ያኔ ነው ጸጉር እንደሌላቸው ያወቅሁት።

አቶ አንጁሎ በእጅ አትንኩት ብለው አስጠንቅቀውናል። ሰምቻለሁ። የሰማሁት ግን ወድቆ ያገኘሁትን አንድ ጎጆ የኮቴ ኪስ ውስጥ ከከተትኩ በኋላ ነው። የአባጨጓሬው ጸጉር ጎጆው ውስጥ ይቀራል፤ ዓይን የማያየው መርፌ ነው። ጋሽ ወርቅነህ ሁለት ቀን እዚያው ሊቆዩ ቀሩና እኔ ብቻዬን በሚኒባስ ወደ ሲቀላ ተሳፈርኩ። መንገድ ላይ መጀመሪያ አጠገቤ ያለችው ቅቤ ነጋዴ አንገቷን አከከች። ቀጥሎ ረዳቱ ሒሳብ እየተቀበለ ክንዱን። ቀጥሎ ከኋላ ያሉት። ሙሉ መኪና ሰው ያክካል፤ እኔ መስኮት መስኮቱን አያለሁ። በመጨረሻ ሾፌሩም ጀመረውና ዳር ይዞ ቆመ። ሁላችንም ወርደን ልብሳችንን ስናራግፍ፣ ይህን መኪና ማጠብ ምን ይከብዳችኋል ብዬ ከሁሉ ድምፄን ከፍ አድርጌ የተቆጣሁት እኔ ነበርኩ። ማርታ ኮቱን በእንጨት አንጠልጥላ ጓሮ ሰቀለችው። እዚያው እንዳለ ዝናብ በላው።

ካርታው ላይ አንዷ ነጭ ቦታ ነጥብ አገኘች። ዓይነቱ በእኛ አካባቢ ከዚያች የኦቾሎ ተረተር ሌላ የታየበት ስለሌለ፣ ከስሙ ጎን ለአደጋ የተጋለጠ ተብሎ ተጻፈ። ዛፎቹ የማንም ጫካ አይደሉም፤ በገበሬዎች ማሳ ጠርዝ የቆሙ፣ ለየአባወራው የሚቆጠሩ ናቸው። እንጠብቃቸው ተባለ። እንዴት? የያኔው አለቃችን ምልክት ይደረግባቸው አለ። ጋሽ ወርቅነህ መጀመሪያ ዱቡሻ እንቀመጥ፣ ማለትም የጋሞ ሽማግሌዎች የአገር ጉዳይ በሚሸመግሉበት በዚያ የሣር አደባባይ ቀርበን እንንገራቸው አሉ። አለቃችን ሐሳቡን አልጠላውም፤ ነገር ግን ሰኔ ሠላሳ ደርሷል፣ በጀት ሳይሠራበት ይመለሳል። ምልክቱ አሁን፣ ንግግሩ ከክረምት በኋላ። አረንጓዴ ቀለም ጠየቅን። መጋዘኑ ውስጥ የነበረው ቀይ ብቻ ነው።

የሄድንበት ቀን የገበያ ቀን ነበርና አብዛኛው ሰው ሲቀላ ወርዷል። የምንጠይቀው ሰው አጣን፤ የሚከለክለንም አልነበረም። በእያንዳንዱ የነብር ጥፍር ግንድ ላይ በጉልበት ልክ ቀይ ቀለበት፣ ከሥሩ ቁጥር። ቁጥሩን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ሰባት ቁጥርን ጭራ ጨምሬ አሳመርኳት። ሥዕል ተምሬ ቢሆን ኖሮ እያልኩ ተመለስኩ።

ክረምቱ አልፎ መስከረም ላይ ስንወጣ ተረተሩ ወለል ብሎ ነበር። ከቀለበቶቹ በላይ አንድም ዛፍ የለም። ከቀለበቶቹ በላይ ማለቴን ልብ በሉልኝ፤ የመንግሥት ቁጥር እንዳይበላሽ ተጠንቅቀው ከቀለሙ ከፍ አድርገው ነው የቆረጡት። አቶ አንጁሎ ደጃቸው ላይ በደስታ ተቀበሉን፤ ያዘኑብን መስሎን ስንሸማቀቅ ጭራሽ አመሰገኑን።

«ቀድማችሁ ስለነገራችሁን እግዜር ይስጥልን» አሉ። «ታች መንገድ ሲሠራ ቀይ ቀለም የተቀባች ቤት ሁሉ ፈረሰች። ዛፍ ከቤት ትበልጣለች? መንገዱ ሳይበላት እኛ ተጠቀምንባት።»

ከቤት ወስደውም አዲሱን የሸማ ዕቃቸውን አሳዩን። ምሰሶው የነብር ጥፍር ነው። ጥሩ ምሰሶ ነው፣ ምን ይወጣለታል።

ጋሽ ወርቅነህ ተረተሩ ላይ ተመልሰው ሄደው ቁጥር ሰባት ጉቶ ላይ ተቀመጡ። እኔን አልተቆጡኝም፣ አለቃውንም አላነሱም። ቀለበቱን በአውራ ጣታቸው እየዳበሱ ዱቡሻው ዛሬም አለ አሉ። በማግስቱ እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው፣ እንደ አገሩ የልመናና የእርቅ ወግ፣ ሽማግሌዎቹ ፊት ቆሙ። መንገድ እንደማይመጣ፣ ቀለሙ የጥበቃ እንደነበር፣ ሳንጠይቅ በሰው ማሳ መግባታችን ጥፋታችን እንደሆነ በአስተርጓሚ ተናገሩ። ሽማግሌዎቹ የመንዝ ሰው ሣር ይዞ ሲለምን አይተው አያውቁም። አንዱ ሳቀ፤ ለትል ነው እንዴ ብሎ። ሌላው ተከተለ። ቀስ በቀስ አደባባዩ ሁሉ ሳቀ፤ እኛም ምን ምርጫ አለን፣ ሳቅን። ሳቁ ሲበርድ ግን ነገሩን ቁም ነገር አደረጉት። ጉቶ ያቆጠቁጣል፤ እያንዳንዱ አባወራ የራሱን ቁጥር ከፍየልና ከመጥረቢያ ይጠብቅ፤ እነዚህ ሰዎችም ከእንግዲህ ቀለም ይዘው አይምጡ ተብሎ ተፈረደ። ፍርዱ ለሁለቱም ወገን ደረሰ።

መሥሪያ ቤታችን ግን ዘገባ ይፈልጋል። ዛፉ ከሌለ ነፍሳቱም የለም ተብሎ ከስሙ ጎን «በዞኑ ጠፍቷል» የሚል ታተመ። ጋሽ ወርቅነህ አላገኘንም ይባል ብለው ተከራከሩ፤ ተሸነፉ። ብዙም ሳይቆዩ ጡረታ ወጡ፤ ከዚያ ዓይናቸው ጠፋ፣ በላይኛው የከተማችን ሰፈር፣ ሴቻ ላይ፣ ከልጃቸው ከሰናይት ጋር ይኖሩ ጀመር። እኔ በየዓመቱ ተረተሩን ወጥቼ ስወርድ በእሳቸው በኩል አልፋለሁ። የእግሬን ኮቴ ሲሰሙ «እህ?» ይላሉ። አላገኘሁም እላለሁ። ደግ ይላሉ። ቀጥሎ ስለ ጉልበቴ ይጠይቁኛል። እንዲህ እየተባባልን ዓመታት አለፉ። ቡቃያው ዘንግ ሆነ፣ ዘንጉ ዛፍ ሆነ። ወደ መጨረሻ ላይ «እህ?» የምትለዋ እየቀጠነች መጣች። ሰናይት ለብቻዬ ይዛኝ፣ ጋሼ ዘውዴ፣ አንድ ቀን አግኝቻለሁ በላቸውና ደስ ብሏቸው ይረፉ አለችኝ። ውሸት እንደማልችል ነገርኳት። እንደምያዝም።

ጡረታ ልወጣ ጥቂት ሲቀረኝ የአሜሪካው ተምች በቆሎ ላይ ወረደ። ያደገው ተምች የእሳት እራት ስለሆነ የመሥሪያ ቤቱ ዓይን ሁሉ እኔ ላይ አረፈ። ከቀበሌ ቀበሌ እየዞርኩ ገበሬውን፣ በተለይ ሴቶቹን፣ አባጨጓሬውን ከቅጠሉ በእጅ ለቅሞ መጨፍለቅን አስተምር ጀመር። ስንት ዓመት አትንኩ ሲል የኖረ አፍ ጨፍልቁ አለ። ኦቾሎም ሄጄ ይህንኑ አልኩ።

ከዚያ በኋላ አንድ ጠዋት ሲቀላ ተቀምጬ ሳለሁ አቶ አንጁሎ ደወሉ።

«ከቁጥር ሰባት ዛፍ ሰልፍ ይዘው የሚወርዱ አሉ» አሉኝ። «ወደ በቆሎው ናቸው። ሴቶቹ እነዚህም ይጨፍለቁ ወይ ይላሉ። ጨፍልቁ ያልክ አንተ ነህ።»

በሰልፍ የሚሄዱ! አንዱ የሌላውን ጭራ ተከትሎ የሚሄደው ያ ጎጆ ሠሪው ነው። ቆይ፣ አትንኩ፣ ብዬ ስጮህ ስልኩ ተቋረጠ። ብደውል አይሠራም። በየመንደሩ እየዞርኩ የሰበክሁት ስብከት ተመልሶ መጣብኝ፤ ሴቶቹ ደግሞ ትጉ ናቸው፣ ትምህርቴን እንደኔ አይረሱም። ባጃጅ ይዤ መንገዱ እስከሚያልቅበት፣ ከዚያ በእግሬ። ጉልበቴ ዕረፍት ሲለምነኝ፣ ከጡረታ በኋላ አልኩት። ዳገቱ ላይ ፍየሎች ቀደሙኝ፤ አንዷ ዞር ብላ ያዘነችልኝ መሰለኝ።

ደርሼ ያየሁት ይህ ነው። ሴቶቹ ማዳበሪያ ከረጢታቸውን ይዘው በአንድ ወገን ቆመዋል። አባጨጓሬዎቹ ከዛፉ ወርደው መንገዱን አቋርጠው በቆሎውን ምንም ሳይሉት ዳር ዳሩን ወደ ሌላ የነብር ጥፍር ይጓዛሉ። በሰልፉ ግራና ቀኝ እርጥብ ሣር ተነጥፏል። አቶ አንጁሎ በጉልበታቸው ተንበርክከው ተጨማሪ ሣር በእጃቸው ይዘዋል።

«ሣር ከተያዘ በኋላ ማን ይረግጣል» አሉኝ። «የአንተ ሽማግሌ ያኔ ይዘውልን የለ።»

ከሴቶቹ አንዷ፣ አትግደሉ ስትል ኖርክ፣ ዘንድሮ ግደሉ አልክ፣ ከመምጣትህ በፊት ራስህ ወስን አለችኝ። ትንፋሼን እየሰበሰብኩ መሬት ላይ ተቀምጬ ሰልፉ እስኪያልፍ አየሁ። ከዛፉ ሥር አሮጌ፣ የተበሳ ጎጆ ወድቆ አገኘሁ፤ ያለፈው ዓመት ነው። አላገኘሁም ብዬ ስወርድ እነሱ ከራሴ በላይ ነበሩ ማለት ነው። ከየት እንደመጡ አላውቅም። ምናልባት ካርታው ላይ ነጭ ሆኖ ከቀረ፣ እኛም መጥረቢያም ካልደረስንበት ገደል። አቶ ብሩክ ኋላ «ጠፍቷል» የሚለውን ቃል አስወጥቶልኛል፤ እንደ ሽማግሌ ጋቢ ማልበሱን ይቅር ያልኩት ለዚህ ነው።

ያን ዕለት ግን ቢሮ አልሄድኩም። ጎጆውን በእንሰት ቅጠል ጠቅልዬ (አንድ ነገር ተምሬያለሁ) ቀጥታ ሴቻ ወጣሁ። ጋሽ ወርቅነህ ባርኔጣቸውን አድርገው በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል። ኮቴዬን ሰሙ።

«እህ?»

ከመናገር ይልቅ መዳፋቸውን ዘርግቼ ቅጠሉን ፈታሁና ጎጆውን አስቀመጥኩበት። በሌላው እጃቸው ጣት ዳበሱት። እንደ ድሮው፣ ዱቄቱ እንዳይበተን፣ ትንፋሻቸውን ያዙ። ከዚያ መዳፋቸውን አከኩ። ቀጥሎ የእጃቸውን አንጓ፣ ቀጥሎ ክንዳቸውን እስከ ክርን። ፊታቸው ቀስ እያለ ተፈታ።

«አገኘኸው» አሉ።

ሰናይት ደንግጣ ቅባት ይዛ ስትመጣ በሚያክኩበት እጃቸው መለሷት።

«ተዪኝ፣ ልጄ። ትንሽ ልከክ።»